ኳርተሩ ላይ ያለችው የላውንደሪ ቤት ልጅ

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚህ ሎስ አንጀለስ ለአንድ አነስተኛ የፊልም ምሽት ያደረግሁት ንግግር ነው። ለማንበብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ላስቸግራችሁ። ኪሳችሁ ውስጥ ወይም ቦርሳችሁ ሥር ኳርተር፣ ያቺ የሩብ ዶላር ሳንቲም፣ ያላችሁ እስቲ አውጡ። "እኔ ካርድ ብቻ ነው የምይዘው" የሚል ወጣት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አፓርታማ የምትኖሩት ግን አትዋሹኝ። ለልብስ ማጠቢያ ማሽን የምትደብቁት ኳርተር አለ። እኛ ቤት አንድ የቡና ቆርቆሮ ሙሉ አለ። ለፓርኪንግ ብዬ አንዲት ፍሬ ከነካሁ ባለቤቴ ወዲያው ታውቃለች።

አሁን አገላብጡት። በአንዱ በኩል ጆርጅ ዋሽንግተን አለ፣ እሱን ተዉት። በሌላው በኩል ብዙ ዓይነት ሥዕል አለ። አንዳንዱ ላይ ግን አንዲት ሴት ታገኛላችሁ። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ በማስመሪያ የተቆረጠ ይመስላል። አገጯን በእጇ ደገፍ አድርጋለች። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው። ዙሪያዋን ሲኒማ ቤት በር ላይ እንደሚበራው ዓይነት አምፖል ተደርድሯል።

አና ሜይ ዎንግ ትባላለች፤ የሆሊውድ ተዋናይት ነበረች። ኳርተሩ የወጣው በ2022 ነው። አሜሪካ ገንዘቧ ላይ የእስያ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ስታወጣ የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

አባቷ ላውንደሪ ነበራቸው። እዚሁ ከተማችን ውስጥ። ልብስ አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጣጥፈው ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ይኸው መቶ ዓመት አለፈና ልጃቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንከታታለን። ያንን ሳንቲም የነደፉት ሰዎች ይህን ያሰቡት አይመስለኝም። እኔ ግን አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ አየኋትና ሳንቲሙን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ነገሩ የጀመረኝ ከዚያ ነው። የዛሬውም ወሬዬ ከዚያ የመጣ ነው።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምናገረው። አትደነጋገሩ።

የተወለደችው በጥር 1905 ነው። ሰፈሩ ፍላወር ስትሪት፣ ከድሮው የቻይኖች መንደር ጥቂት ወጣ ብሎ። ቤት ውስጥ የወጣላት ስም ሊው ጾንግ ነው። የቤተሰቡ ስም ዎንግ ሲጨመርበት "ውርጭ ያረፈበት ቢጫ አኻያ" እንደማለት ይሆናል። አባቷ ዎንግ ሳም ሲንግ፣ እናቷ ሊ ጎን ቶይ ይባላሉ። አሁን ልብ በሉ። አባቷ እዚሁ ካሊፎርኒያ ነው የተወለዱት። እናቷም እንዲሁ። አያቶቿ እዚህ አገር የገቡት ወርቅ ፍለጋው በተጧጧፈበት ዘመን፣ በ1850ዎቹ ነው። ሆሊውድ ውስጥ ትልልቅ ስም ካላቸው ተዋናዮችና ዳይሬክተሮች ብዙዎቹ ትናንት ከመርከብ የወረዱ ነበሩ። እሷ ግን ለአሜሪካ ሦስተኛ ትውልድ ናት። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜ ልኳን "ከየት ነሽ?" ተብላ ኖራለች።

ልጆች ያሏችሁ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። የእኔዋ እዚሁ ነው የተወለደችው። በትምህርት ቤቷ "ከየት ነሽ?" ሲሏት "ከኢንግልውድ" ትላለች። "አይ፣ በትክክል ከየት ነሽ?" ይሏታል። አሁን አሁን "በትክክል ከኢንግልውድ" ማለት ጀምራለች።

አና ሜይ ትንሽ ልጅ ሳለች ቤተሰቡ ወደ ፊገሮአ ስትሪት ተዛወረ። በዚያ ብሎክ ቻይኖቹ እነሱ ብቻ ነበሩ። መንግሥት ትምህርት ቤት ገባች። ልጆቹ በዘሯ እየሰደቡ ቁም ስቅሏን ሲያሳዩዋት አባቷ አውጥተው ለቻይና ልጆች የተከፈተ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቧት። ከትምህርት በኋላ ደግሞ የቻይንኛ ትምህርት ነበረባት። ቅዳሜም ጭምር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ፊደል ለመቁጠር ተጎትቶ የሚሄድ ልጅ ካለ ይህን ይስማ፤ ብቻህን አይደለህም።

እሷ ግን የምትኮበልለው ወደ ሲኒማ ነው። የምሳ ገንዘቧን ይዛ ከትምህርት ቤት ጠፍታ ትሄዳለች። የፊልም ሥራው በዚያን ጊዜ ከኒውዮርክ እየለቀቀ ወደ ሎስ አንጀለስ ይመጣ ነበር። ዛሬ እንደምናየው በአጥርና በጠባቂ የተከበበ አይደለም። መንገድ ላይ ካሜራ ተክለው ይቀርጻሉ። የቻይኖችን ሰፈርም ይወዱት ነበር። አና ሜይ ሥራ ትተዋለች፣ ትምህርት ትተዋለች፣ ሄዳ ካሜራው ሥር ትገተራለች። ፊልም ሠሪዎቹ "ነገረ ሥራውን ሁሉ ማወቅ የምትፈልግ ቻይናዊት ልጅ" የሚል ቅጽል አወጡላት። በ11 ዓመቷ ስሟን ራሷ አሰናድታ ጨርሳለች። አና ሜይ ዎንግ። ፈረንጁም ቻይናውም ያለበት ስም።

ቤት ደግሞ ነገሩ አልተወደደም። ፎቶ ሲበዛ ነፍስ ይወሰዳል ብለው እናቷ ይፈሩ እንደነበር ኋላ እሷው ተናግራለች። አትሳቁ! በዚያው ዘመን ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ የሚታይበትን ቤት አባቶቻችን "ሰይጣን ቤት" ነው ያሉት።

በ14 ዓመቷ አንድ ፊልም ለአጃቢነት 300 ያህል ሴቶች ይፈልጋል ተባለ። 1919 መሆኑ ነው። የአባቷ ወዳጅ የሆነ ሰው ለአባቷ ሳይነገር አስገባት። ፋኖስ ይዘው ከሚያልፉት አንዷ ነበረች። ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። በ1921 ሃይስኩሉን አቋርጣ ወጣች። አባቷም እያጉረመረሙ እሺ አሉ። ግን በቅድመ ሁኔታ። ስቱዲዮ ስትሄድ የሚጠብቃት ትልቅ ሰው ይኑር። ከተዋናዮቹ መሃል እስያዊቷ እሷ ብቻ ከሆነች ደግሞ በትዕይንት መሃል በሚኖረው ዕረፍት ክፍሏ ውስጥ ይቆለፍባት። የላውንደሪ ባለቤት ናቸው። ሴት ልጃቸውን ሆሊውድ ውስጥ ለቀው ሸሚዝ ሊተኩሱ ነው። እኔ አልፈርድባቸውም።

በ17 ዓመቷ መሪ ተዋናይት ሆነች። "ዘ ቶል ኦቭ ዘ ሲ" ይባላል፤ ዛሬ ማታ የምናየው እሱን ነው። 1922። ቴክኒከለር በሚባለው አሠራር፣ ቀይና አረንጓዴን ብቻ አዋህዶ የተሠራ ባለ ቀለም ፊልም ነው። ሆሊውድ ውስጥ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ባለ ቀለም ረጃጅም ፊልሞች አንዱ ነው። የምትጫወተው ሎተስ ፍላወር የምትባል ቻይናዊት ልጅ ሆና ነው። ባሕር የተፋው አንድ አሜሪካዊ ታገኛለች፣ ታድነዋለች፣ ትወደዋለች። እሱ "እወስድሻለሁ" ብሎ ይሄዳል። የቀረውን መገመት ትችላላችሁ። የማይጠፋ ታሪክ ነው፤ የእኛም አገር ዘፈን ግማሹ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ተመልከቱልኝ። ልጅቷ ባሏ ይወስደኛል ብላ የፈረንጅ ቀሚስ የለበሰችበት ቦታ አለ። ፋሽኑ ያለፈበት ነው፤ የዱሮ ዘመን ቀሚስ። እሷ ግን አላወቀችም። ደረቷን ነፍታ ትወጣለች። እዚያ ላይ ሳቅ ይመጣባችኋል። ወዲያው ደግሞ ፊቷን ስታዩ ሳቁ ጉሮሯችሁ ላይ ይቀራል። አንድ ቃል አልተናገረችም። 17 ዓመቷ ነው፤ የድራማ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም።

ስለ ድምፅ አልባ ፊልም አንዲት ነገር ላስረዳ። ድምፅ አልባ ሲባል ጭር ያለ ማለት አይደለም። ፒያኖ የሚመታ ሰው ነበር፤ ትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ሙሉ ኦርኬስትራ ነበራቸው። የሌለው የተዋናዮቹ ድምፅ ነው። ንግግሩ በጽሑፍ በመሃል በመሃል ይገባል። ፊልሙ በርሊን ሲሄድ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ተቆርጦ ይወጣና የጀርመንኛው ይለጠፋል። ፓሪስ ሲሄድ የፈረንሳይኛው። በቃ። ፊቱ ያው ፊት ነው። "አክሰንት አለሽ" የሚል የለም። የላውንደሪ ልጅ ሁኚ የጄኔራል ልጅ፣ ስክሪኑ አንደበትሽን አይጠይቅም።

መልክሽን ግን ይጠይቃል። የአና ሜይ ጣጣም ይኸው ነበር።

በ1924 ዝነኛው ተዋናይ ዳግላስ ፌርባንክስ የዘመኑን እጅግ ውድ ከሚባሉት ፊልሞች አንዱን፣ "ዘ ቲፍ ኦቭ ባግዳድ"ን ሠራ። አና ሜይ የልዕልቲቱ የሞንጎል ባሪያ ሆነች። ትንሽ ቦታ ናት፤ ግን የሚያዩዋት ሁሉ እሷን እሷን ይላሉ። ዝነኛ ሆነች። ከዚያስ? ከዚያ ምንም። ቻይናዊት መሪ ገጸ ባሕርይ ያለበት ፊልም ሲመጣ መሪዋን ነጭ ተዋናይት ትወስዳለች። ዓይኗን በሜካፕ ጎትተው፣ ቅንድቧን ላጭተው "ቻይናዊት" ያደርጓታል። እውነተኛዋ ቻይናዊት ጎን ቆማ ትላላካለች። በ1928 "ዘ ክሪምሰን ሲቲ" በሚባለው ፊልም መሪዋ ቻይናዊት ማን ሆነች? ማይርና ሎይ። ከሞንታና የመጣች ልጅ። አና ሜይ ከሥር ነበረች። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏችኋል ይሄ ነው።

ምክንያቱ የጥላቻ ብቻ አይደለም፤ ሕግም ነበር። በካሊፎርኒያ ነጭና የእስያ ሰው መጋባት አይችሉም ነበር። ያ ሕግ የተሻረው በ1948 ነው። ስክሪኑ ላይም በነጭና በሌላ ዘር መካከል ፍቅር ማሳየት ነውር ነበር። መሪ ተዋናይት ደግሞ መጨረሻው ላይ ትሳማለች፣ ታገባለች። መሳም ካልተቻለ መሪ መሆን አልተቻለም። ታዲያ ባለ ታሪኩ ቻይናዊቷን ምን ያድርጋት? ይገድላታል። ባሕር ውስጥ፣ ስለት ላይ፣ በጥይት። ጥሩ አድርጋ ትሞት ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች። መቃብሬ ላይ "ሺህ ጊዜ ሞታለች" ብላችሁ ጻፉልኝ ብላ ቀልዳለች።

በዚያው በ1928 አውሮፓ ገባች።

ለመሄድ ግን ፎርም መሙላት ነበረባት። ይህቺን ነገር ሳነብ ደሜ ፈልቷል። በ1882 የወጣው ሕግ የቻይና የጉልበት ሠራተኞች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ይከለክል ነበር። ስለዚህ እዚህ የተወለደ ቻይናዊ ከአገር ሲወጣ ተመልሶ ለመግባት እንዲችል አስቀድሞ ማመልከት አለበት። ፎርም 430 ይባላል። ፎርሙ አመልካቹን ምን ብሎ ይጠራዋል መሰላችሁ? በእኛ ቋንቋ ቁጭ ሲል "አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ ባይ" ነው። ነኝ ባይ! አያቷ ካሊፎርኒያ ከገቡ 70 ዓመት ሆኗቸዋል። እሷ ዝነኛ የፊልም ተዋናይት ናት። እዚህ ያላችሁ ሁሉ የኢሚግሬሽን ወረቀት ሞልታችኋል፤ ስለዚህ ብዙ አላብራራም።

በርሊን ተቀበለቻት። እዚያ የሠራችው የመጀመሪያው ፊልም "ሶንግ" ይባላል። በዚያ ፊልምም ሞተች፣ መቼም አይቀርም። ግን መሪ ሆና ነው የሞተችው። ጀርመንኛ ተማረች። ፈላስፋው ቫልተር ቤንያሚን አግኝቷት ስለ እሷ ጽፏል። በርሊን ውስጥ በአንድ ግብዣ ላይ የተነሳች ፎቶ አለች። ከጀርመን ተዋናዮቹ ከማርሌነ ዲትሪኽና ከሌኒ ሪፈንሽታል ጋር ጎን ለጎን ቆመዋል። ሦስቱም ወጣት ናቸው። ኋላ ዲትሪኽ ሂትለርን እምቢ አለች፣ ሪፈንሽታል ለሂትለር ፊልም ሠራች። ሦስተኛዋ የሎስ አንጀለስ የላውንደሪ ልጅ ናት። 

ከዚያ ለንደን። አሁን የምነግራችሁን ፊልም ፈልጋችሁ እዩት። "ፒካዲሊ" ይባላል፤ 1929። የተሠራው የድምፅ አልባው ዘመን ሊያበቃ ሲል ነው።

አንድ የናጠጠ የምሽት ክለብ ነው። አንድ ወፍራም ሰውዬ እራቱን እየበላ ሳህኑ ላይ እድፍ ያይና ይጮሃል። ሰውዬው ኋላ ዝነኛ ተዋናይ የሆነው ቻርልስ ሎተን ነው፤ ያኔ ገና ጀማሪ ነበር። የክለቡ ባለቤት ተናድዶ ማን እንዳጠበው ሊያይ ወደ ታች ይወርዳል። ከኩሽናው አልፎ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ይገባል። እንፋሎት ነው። ሰሃን ተቆልሏል። የሚያጥብ ግን የለም። ሁሉም ቆመው ወደ ላይ እያዩ ነው። ካሜራው ዓይናቸውን ተከትሎ ሲሄድ፣ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ልጅ ትደንሳለች። እጇን በዝግታ እያወዛወዘች። የሥራ ልብስ ነው የለበሰችው። ስቶኪንጓ ተተርትሯል።

ያ ትርትር! ስንት ጊዜ መልሼ እንዳየሁት። ላይ ቤት ሐርና ዕንቁ ነው። መሪዋ ተዋናይት፣ ስሟ በትልቁ የተጻፈው፣ ወርቅ ለብሳ ስትደንስ አይተናል። አሁን ግን ማንም አያስታውሳትም። የታደሰውን ፊልም ሰዎች የሚያዩት ለዚያች ስቶኪንጓ ለተተረተረው ልጅ ነው። የዕቃ አጣቢዋ ስም ሾሾ ነው። ባለቤቱ ወዲያው ያባርራታል፣ ቆይቶ ደግሞ ኮከብ ያደርጋታል። ይወዳታል። ሲቀርቡ፣ ሊሳሳሙ ሲሉ፣ ትዕይንቱ ይቆረጣል። ለንደንም ብትሆን ከንፈሯን ፈርታዋለች። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ግን ገምቱ።

በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ መድረክ ላይ ወጣች። ከአጠገቧ የሚጫወተው ወጣት ኋላ ትልቅ ስም ያወጣው እንግሊዛዊ ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪየር ነው። የቻይና ታሪክ ነው። ሕዝቡ ያቺን ፊቷ ብቻ የሚያወራ ልጅ አሁን አፏን ከፍታ ሊሰማት ቁጭ ብሏል። ከፈተችው። የወጣው የካሊፎርኒያ እንግሊዝኛ ነው! ጋዜጦቹ አልማሯትም። የቻይና ልዕልት ይጠብቁ ነበርና የአሜሪካ አነጋገር አልዋጥ አላቸው። እስቲ አስቡት። ሰባት ዓመት ሙሉ ዓለም አይቷታል። ስትናገር በጆሮው የሰማው ድምፅ ግን ራሱ የሠራው ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን አኩርፎ ይመለስ ነበር። እሷ ገንዘብ ከፍላ አስተማሪ ቀጠረች። የእንግሊዝ ምሁራን አነጋገር እስኪሆን አሻሸችው። ፊልምም አፍ አውጥቷል፤ የድምፁ ማዕበል በ1927 ጀምሮ ሁሉን እየጠረገ ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ ድምፅ በሌላ ቋንቋ መተካት ገና አልለመደም። አንድን ፊልም ለሦስት አገር ለመሸጥ ሦስት ጊዜ ይቀርጹታል። አንዱን ትዕይንት በእንግሊዝኛ ይሠሩና የእንግሊዝ ተዋናዮቹ ይወጣሉ፤ ጀርመኖቹ ገብተው እዚያው ቦታ ይደግሙታል። ቀጥሎ ፈረንሳዮቹ። በ1930 አና ሜይ የመጀመሪያውን ድምፅ ያለው ፊልሟን የሠራችው እንደዚህ ነው። ሌሎቹ ሲቀያየሩ እሷ አልተቀየረችም። በሦስቱም ቋንቋ ራሷ ተናገረች። ከአንድ ዓመት በፊት "አነጋገሯ" ተብላ የተሳቀባት ልጅ ናት።

ድምፁ ሲመጣ ብዙ የድምፅ አልባ ኮከቦች ወድቀዋል። እሷን ግን ድምፅ አልጣላትም። ሁልጊዜ ይህን ስለማይነግሩን ነው ደጋግሜ የምለው።

ወደ አሜሪካ ተመለሰች። በ1930 ብሮድዌይ ላይ እየተጫወተች ሳለ እናቷን ፊገሮአ ላይ፣ ቤታቸው ፊት ለፊት፣ መኪና ገጭቶ ገደለባት። ቀጥሎ ፓራማውንት የሚባለው ስቱዲዮ አስፈርሟት "ዶተር ኦቭ ዘ ድራገን"ን ሠራች። መሪዋ እሷ ናት። 6,000 ዶላር ተከፈላት። ቻይናዊ መስሎ የተጫወተው ስዊድን ተወላጁ ዋርነር ኦላንድ ስክሪኑ ላይ የታየው 23 ደቂቃ ነው። 12,000 ተከፈለው። ሂሳቡን እናንተ ሥሩ። በ1932 "ሻንጋይ ኤክስፕረስ" ላይ ከዲትሪኽ ጋር ገጠመች። እዚያ ውስጥ ዝም ብላ ካርታ ስትጫወት ተመልከቷት። ሁሉም ያወራል፤ እሷ ካርታ ትደረድራለች። የድምፅ አልባው ትምህርት ቤት ያስተማራት ነው።

ትልቁ ቁስል "ዘ ጉድ ኧርዝ" ነው። ስለ ቻይና ገበሬዎች የተጻፈውን ዝነኛ ልቦለድ ኤምጂኤም የሚባለው ስቱዲዮ ፊልም ሊያደርገው ተነሳ። አገሩ ሁሉ ሚስትየዋን፣ ኦላንን፣ ማን ሊጫወታት ነው ሲባል መልሱ ግልጽ መሰለው። ግን ባልየውን ለፖል ሙኒ ሰጡት። እሱ ነጭ ነው። ስለዚህ ሚስቱ ቻይናዊት ልትሆን አትችልም። ገባችሁ? ቻይናዊ መስሎ ለሚጫወት ነጭ ቻይናዊት ሚስት ክልክል ናት። ለአና ሜይ የታሰበላት ሁለተኛዋ ሚስት፣ ባል ነጣቂዋ ናት። የመለሰችው ይህን የመሰለ ነው፤ ኦላንን ከሰጣችሁኝ ደስ ይለኛል፤ ግን የቻይና ደም ያለብኝን እኔን አምጥታችሁ፣ አሜሪካኖች ቻይና ሆነው በሚጫወቱበት ፊልም ውስጥ ያለችውን አንዲት የማትወደድ ሴት ስጫወት ልታዩ ነው? ኦላንን ሉዊዘ ራይነር ተጫወተቻት። ኦስካር አገኘችበት።

አና ሜይ በ1936 ቻይና ሄደች። ለመጀመሪያ ጊዜ። አባቷ ከሁለት ዓመት በፊት ታናናሾቿን ይዘው ወደ ዘር ማንዘራቸው መንደር ገብተው ነበር። ሻንጋይ ላይ በአበባ ተቀበሏት። ችግሩ እሷ የምታውቀው ቤት ውስጥ የሚነገረውን የደቡብ ቻይንኛ ነው። የሻንጋዩን አንድ ቃል አትሰማም። ከገዛ ወገኖቿ ጋር በአስተርጓሚ አወራች። ራሷ ናት የጻፈችው። ክረምት ላይ ልጆቻችሁን አዲስ አበባ የወሰዳችሁ፣ አያት ሲያወሩ መሃል ገብታችሁ ያስተረጎማችሁ፣ ይህቺን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቋታላችሁ። ሆንግ ኮንግ ላይ ደግሞ የጠበቃት ጩኸት ነበር። "ቻይናን ታዋርጃለሽ" አሏት። በሆሊውድ የተሰጣትን ክፉ ሴት ሁሉ በእሷ ላይ ጻፉት። ከሁለት ያጣች ሆነች። ቤይጂንግ ቁጭ ብላ ማንዳሪን ተማረች። አራተኛ ይሁን አምስተኛ ቋንቋዋ መሆኑ ነው።

የቀረውን ቶሎ ልበል፤ ፊልሙ እንዳይመሽብን። ጃፓን ቻይናን ስትወርር ቀሚሶቿን ሸጣ ለርዳታ ሰጠች። በ1942 የሠራቻቸውን ሁለት ፊልሞች ደመወዝም ለቻይና ርዳታ አዋለች። በ1951 የራሷ የቴሌቪዥን ድራማ ነበራት። የሥነ ጥበብ ነጋዴ ሆና ወንጀል የምትመረምር ሴት ነበረች፤ የገጸ ባሕርይዋም ስም ማዳም ሊው ጾንግ ነው። የቤት ስሟ! በአሜሪካ ቴሌቪዥን የእስያ ዝርያ ያለው ሰው መሪ የሆነበት የመጀመሪያው ድራማ ይኸው ነው። ዛሬ አንድም ክፍሉ አልተረፈም። አላገባችም። መጠጡ ጎድቷት ነበር። በየካቲት 1961 ሳንታ ሞኒካ እቤቷ ተኝታ ሳለች ልቧ ቆመ። 56 ዓመቷ ነበር።

መቃብሯ ዋሽንግተን ቡልቫርድ ላይ ነው፤ ሮዝዴል። ከፌርፋክስ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ሰፈር፣ ምሳ በልታችሁ ሃያ ደቂቃ ብትነዱ ትደርሳላችሁ። እኔ ባለፈው ሄጄ ነበር። "ሺህ ጊዜ ሞታለች" የሚል የለም። ድንጋዩ አናት ላይ የእናቷ ስም ነው ያለው። የእሷና የእህቷ ስም በቻይንኛ ጎንና ጎን ተጽፏል። አና ሜይ ዎንግ የሚል አላየሁም። በእናቷ መቃብር ውስጥ ነው የተቀበረችው። ሃቲ ማክዳንኤልም እዚያው ግቢ ናት፤ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር። በቆዳዋ ቀለም ሌላ የመቃብር ቦታ ከልክሏት ነው እዚያ የገባችው።

እሺ፣ ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ብዬ ልቀመጥ። 54 ደቂቃ ነው። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይመጣል፤ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ልጆች ለአያቶቻችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። በዚያን ዘመንም እንደዚያው ይደረግ ነበር። መጨረሻው ላይ ባሕር አለ። የፊልሙ የመጨረሻ ጥቅልሎች ጠፍተው ነበር። በ1985 እዚሁ ሎስ አንጀለስ ያለው የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ቤተ መዛግብት ሲጠግነው ባሕሩን ከየት ያምጡት? ባለ ሁለት ቀለሙን የጥንቱን ካሜራ ፈልገው አገኙ። ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ወስደው ተከሉት። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀረጹ። ስለዚህ የመጨረሻውን ማዕበል ስታዩ የቻይና ባሕር አይደለም። የ1922ም አይደለም። የእኛው ባሕር ነው፤ እሁድ እሁድ ልጆች ይዘን የምንሄድበት።

በር አጠገብ ያለኸው ወንድሜ፣ መብራቱን ታጠፋልን?